ሙያ በልብ፣ ቁጥር በደብተር

ሞተር ጥቅለላ ላይ የቆየ ሰው በሱቁ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው ደብተሩን ነው። ማይክሮሜትሩ፣ ሜገሩ፣ መጠቅለያ ማሽኑ ቢጠፉ በገንዘብ ይተካሉ። ደብተሩ ግን አይተካም። ለማያውቀው ሰው በውስጡ ያለው የቁጥር ሰልፍ ብቻ ነው፦ የሞተሩ ስም፣ የፈረስ ጉልበቱ፣ የስሎቶቹ፣ ማለትም ሽቦ የሚገባባቸው የብረቱ ጎድጓዶች ብዛት፣ በአንዱ ስሎት የገባው የሽቦ ዙር፣ የሽቦው ውፍረት፣ ጥቅሉ ከስንተኛው ስሎት ተነሥቶ ስንተኛው ላይ እንደሚያርፍ፣ ግንኙነቱ ስታር ይሁን ዴልታ። ፋብሪካዎች ይህን በሞተሩ ሰሌዳ ላይ አይጽፉትም። ሰሌዳው ቮልቴጁን፣ አምፔሩንና ፍጥነቱን ይናገራል፤ የሆዱን ግን አይናገርም። የሆዱን የሚያውቀው ከፍቶ የቆጠረ ብቻ ነው።

ሞተር ሲቃጠል አሮጌውን ሽቦ ቆርጠን አውጥተን እንቆጥራለን፤ እንደ ቆጠርነው አዲስ እንጠቀልላለን። ችግር የሚመጣው ከእኛ በፊት ሌላ እጅ ነክቶት ሲገኝ ነው። የቀደመው ሰው ሽቦ አጥሮት ዙር ቀንሶ ከሆነ፣ እኛ የምንቆጥረው የእሱን ጥፋት ነው። ዙር ሲያንስ በብረቱ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢስ ይበዛል፤ ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሽከረከር እንኳ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ ትንሽ ሠርቶ ተመልሶ ይቃጠላል። ዙር ሲበዛ ደግሞ ጉልበቱ ይወድቃል፤ ወፍጮው እህል ሲገባበት እያቃሰተ ይቆማል። እንዲህ ያለ ሞተር ሲመጣ መፍትሔው ያንኑ ዓይነት ሞተር ገና ሳይነካካ ከፍቶ የጻፈ ሰው ደብተር ነው። ያ ደብተር ያለው ሰው ገበያ አለው። ደብተር የሚቆለፈውም ለዚህ ነው።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ወፍጮ ቤቶች፣ እንጨት ቤቶችና የጉድጓድ ውሃ ያላቸው ሰዎች ሞተራቸውን በጋሪና በፒክአፕ እየጫኑ በሚያመጡባት ጠባብ ሱቅ ነው። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ባለሙያ እጃቸው የተመሰከረለት ነበር። ሽቦ ሲያስገቡ ኢናሜሉ አይቧጨርም፤ የስሎቱ ወረቀት አይቀደድም፤ ቫርኒሹ በደንብ ሳይደርቅ ባለ ሞተሩ ቢለምንም ቢቆጣም አይለቁም። የተቃጠለን ሞተር ገልጠው በማየት ብቻ ምን እንደገደለው ይናገራሉ። በስታር የተገናኘ ሞተር ሁለቱ ፌዞች ጠቁረው አንዱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ «አንድ ፌዝ ቀርቶበት ነው የሠራው፤ ቆጣሪያችሁንና ፊውዛችሁን እዩ» ብለው ወፍጮ ቤቱን ያሳፍሩታል። ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ያስተምሩናል፤ አይሰስቱም።

የሚሰስቱት በቁጥሩ ነበር። ቆጠራ ሲሆን ጀርባቸውን ይሰጡናል። ለብቻቸው ይቆጥራሉ፣ ይለካሉ፣ በአሮጌ የተማሪ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ፣ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ይገባል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው የተቆረጠ ትእዛዝ ነው፦ በዚህ ሽቦ፣ ይህን ያህል ዙር፣ ይህን ያህል ጥቅል። የጠቀለልነውን እናውቃለን፤ ግን ሞተሩ ብዙ፣ ሥራው ጥድፊያ ስለሆነ የትኛው ቁጥር ከየትኛው ሞተር ጋር እንደሚሄድ በጭንቅላቱ ይዞ የሚዘልቅ አልነበረም። ቁጭ ብሎ መጻፍ ደግሞ ጥርጣሬ ያመጣል። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «ጋሼ፣ የዚህችን ልጻፋት?» ስላቸው፣ ቀና ሳይሉ «ሙያ በልብ ነው» አሉኝ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ያኔ ንፉግ አድርጌ ቆጠርኋቸው። ወጣት ነበርኩ፤ የማያካፍል ሰው ሁሉ ክፉ ይመስለኝ ነበር። በሌሎች ሱቆችም ነገሩ ያው ነው። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ከገበያ ሲጠፋ ባለ 0.71 ሁለት ክር አንድ ላይ አድርጎ መጠቅለል እንደሚቻል እንኳ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የክብ ስፋት ማስላት ከትምህርት ቤት ስለማውቅ በወረቀት ላይ ደረስኩበት፦ የወፍራሙ ስፋት 0.785፣ የሁለቱ ቀጫጭኖች ድምር 0.79 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ። ይህ ፊዚክስ የሚማር ተማሪ ሁሉ ሊሠራው የሚችለው ሒሳብ ነው። በእኛ ሠፈር ግን እንደ ምስጢር ተይዞ ነበር።

የራሴን ሱቅ ስከፍት ነገሩን ልገለብጠው ወሰንኩ። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ይውላል፤ የሚሠራው ልጅ ይጽፍበታል፤ ከፈለገ በስልኩ ያነሳል። ልጁ ፈጣን ነበር። ከጊዜ በኋላ ሄዶ ጥቂት በሮች አልፎ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የደብተሬን ገጾች በሙሉ በስልኩ ይዟል።

ንዴቱን አልሸሽግም። ከንዴቱ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ጋሼ ገቡኝ። እኚያ ሰው መሬት የላቸውም፤ የሱቁ ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል፤ የሙያ ማረጋገጫ ወረቀት የሚሰጣቸው አልነበረም፤ እጃቸው የደከመ ዕለት የሚጦራቸው መሥሪያ ቤት የለም። ያ የተቆለፈ ደብተር ጡረታቸው ነበር። ደብተሩን ያሳዩኝ ማለት ጡረታዎን ያካፍሉኝ ማለት እንደሆነ ያኔ አላየሁትም።

ይህ ነገር ከእሳቸው አልጀመረም። በአገራችን ማረሻ የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራዋ፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው ለዘመናት በሥራቸው ሲሰደቡና «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። ያለ ማረሻ የሚያርስ ገበሬ የለም፤ ማረሻ ሠሪው ግን በብዙ ቦታ ርስት አልነበረውም። ጎንደር አካባቢ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ርስታቸውን ሲነጠቁ በብረትና በሸክላ ሥራ መተዳደራቸው የታወቀ ታሪክ ነው። ርስት የሌለው ሰው ለልጁ የሚያወርሰው በእጁ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ብረቱ እንዴት እንደሚጠና፣ ሸክላው ምን ያህል እሳት እንደሚሻ ለጎረቤት ቢነግር ለልጁ ምን ይቀርለታል? አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ መልካም ነበር፤ ግን ስድብን ይከለክላል እንጂ ርስት አይሰጥም። ስለዚህ ባለሙያው ሲደብቅ ኖረ። ዕውቀቱን የሚደብቅን ሰው ከመውቀሴ በፊት አሁን የምጠይቀው ሌላ ምን እንዳለው ነው።

የጋሼን ፍርሃት ከተረዳሁ በኋላ እኔም ልቆልፍ እችል ነበር። ያላስቆለፈኝ ያልጠበቅሁት ነገር ነው፦ ደንበኞቼ አልሄዱም።

ልጁ ቁጥሮቼን በሙሉ ይዞ፣ ከእኔ ባነሰ ዋጋ እየሠራ፣ ከአጠገቤ ሆኖ፣ አብዛኛው ሰው እኔው ዘንድ መምጣቱን ቀጠለ። ምክንያቱን ያወቅሁት ልጁ ራሱ መጥቶ ሲጠይቀኝ ነው። «ጋሼ፣ በእርስዎ ቁጥር ነው የጠቀለልኩት፤ ለምንድን ነው የሚመለስብኝ?» አለኝ። ሞተሩን አብረን ከፈትነው። ዙሩ ልክ ነው፤ ሽቦው ልክ ነው። የተበላሸው ብረቱ ነበር። አሮጌው ሽቦ ቶሎ እንዲወጣለት ብሎ ሞተሩን በእንጨት እሳት አግሎታል። የሞተር ብረት አንድ ወጥ አይደለም፤ በስስ መከላከያ ተለያይተው የተደራረቡ ቅጠል ብረቶች ነው። እሳቱ ከልክ ሲያልፍ መከላከያው ይነዳል፤ ቅጠሎቹ በኤሌክትሪክ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ጥቅሉ ምንም ቢያምር ብረቱ በራሱ ይግላል። ይህን በሠፈራችን የሚያውቁት ጥቂት ነበሩ፤ በደብተሬም ላይ የለም። እኔ ከጋሼ ያየሁትና እጄ የለመደው ነገር ነው፤ የሚጻፍ መሆኑ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ኋላ ሳነብ፣ ይህ የእኛ ሠፈር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አገኘሁ። መቀመጫው አሜሪካ የሆነ ዓለም አቀፍ የሞተር ጠጋኞች ማኅበር ከእንግሊዝ አቻው ጋር ሆኖ እ.አ.አ. በ2003 አንድ ትልቅ ጥናት አውጥቷል። ጥያቄው «ተጠቅልሎ የመጣ ሞተር እንደ አዲሱ ይሠራል ወይ?» የሚል ነበር። መልሱ፦ በደንብ ከተሠራ ብቃቱን ይዞ ይቆያል። «በደንብ» ማለት ምን እንደሆነም ዘረዘሩት፤ ከዋና ዋናዎቹ አንዱ አሮጌው ጥቅል ሲቃጠል የብረቱ ሙቀት በመለኪያ መጠበቁ ነው፤ 370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደ ድንበር ተቀምጧል። የገረመኝ ሌላው ነገር የዚሁ ማኅበር አባላት የጥቅልል ቁጥሮቻቸውን አንድ ቋት ውስጥ አስገብተው እርስ በርስ መጠቀማቸው ነው። ጋሼ መሳቢያ ውስጥ የቆለፉት ዓይነት ቁጥር እዚያ የጋራ ንብረት ነው፤ ሱቆቹም በዚህ አልተዘጉም።

የደበቅነው ቁጥር ከሙያው ትንሹ ክፍል ነበር ማለት ነው። ትልቁ ክፍል እጅ ላይ ያለው ነው፤ እሱ ደግሞ ቢገለጥም ቶሎ አይሰረቅም፣ ለመልመድ ዓመታት ይፈልጋል። ከሁሉ ይልቅ የተደበቀው ግን ቁጥሩም እጁም አይደለም፤ ውድቀቱ ነው። የተመለሰበትን ሞተር ማን ይናገራል? ማንም። ስለዚህ አንዱ በእሳት ያበላሸውን ብረት ሌላውም፣ ሦስተኛውም በየተራ ያበላሸዋል፤ እያንዳንዱ በደንበኛው ኪስ ይማራል።

ስለ ግልጽነት ያለኝን ሐሳብ ያስተካከለልኝ ግን ከእኛ ዘመን በጣም የራቀ ታሪክ ነው፤ እሱም የውሃ ፓምፕ ታሪክ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ኮርንዎል የሚባል የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድን አገር አለ። ጉድጓዶቹ ጥልቅ ስለነበሩ ውሃ ይሞላቸዋል፤ ውሃውን የሚያወጣው በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ነው። ድንጋይ ከሰል በአካባቢው ስለሌለ ከዌልስ በመርከብ ይመጣል፤ ውድ ነው። ጄምስ ዋት እ.አ.አ. በ1769 ከሰል በእጅጉ የሚቆጥብ ሞተር ፓተንት አወጣ፤ ፓርላማው በ1775 ፓተንቱን እስከ 1800 አራዘመለት። ዋትና ሸሪኩ ቦልተን የማዕድን ባለቤቶቹን ያስከፍሉ የነበረው ከሚቆጠበው ከሰል ዋጋ ሲሶውን ነው። ዋጋው የሚገባ ነበር ቢባል እንኳ፣ በእነዚያ ዓመታት ሞተሩን ማሻሻል የሞከረ ሁሉ ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል። ሆርንብሎወር የተባለ የአካባቢው መሐንዲስ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተር ሠርቶ ነበር፤ በዋት ፓተንት ምክንያት ግን ሊገፋበት አልቻለም።

ፓተንቱ ሲያልቅ ሁሉ ነገር ወዲያው አልተሻሻለም። ፓተንቱ ወደቀ፤ ልማዱ ግን አልወደቀም፤ እያንዳንዱ ማዕድን ቤት ሞተሩን ለብቻው ይዞ ቀጠለ፤ አያያዙም ላላ። በ1811 የማዕድን ሥራ አስኪያጆች ተመካክረው ጆኤል ሊን የሚባል የታመነ ሰው መረጡና አንድ ሥራ ሰጡት፦ በየማዕድኑ እየዞረ፣ እያንዳንዱ ሞተር አንድ ቡሼል ከሰል፣ ማለትም 43 ኪሎ ግራም ገደማ፣ አቃጥሎ ስንት ፓውንድ ውሃ በአንድ ጫማ ከፍታ እንደሚያነሣ ለክቶ በየወሩ በሕትመት ማውጣት። በሰንጠረዡ ላይ የሞተሩ መጠን፣ ጭነቱ፣ የፈጀው ከሰልና የመሐንዲሱ ስም ይወጣል። ሊን በዓመቱ ሞተ፤ ልጆቹ ቀጠሉበት፤ ሕትመቱ እስከ 1904 ዘለቀ።

ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው። ሥራው ሲጀመር አማካዩ ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በታች ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ50 ሚሊዮን አለፈ። በ1835 በፎዌይ ኮንሶልስ ማዕድን የተሠራ አንድ ሞተር በሙከራ 125 ሚሊዮን ደረሰ። ይህን ያመጣ አንድ ታላቅ ፈጣሪ አልነበረም። አንዱ ቦይለሩን ያሻሽላል፤ ሌላው ሲሊንደሩን ሙቀት እንዳያጣ ይሸፍናል፤ ሦስተኛው ቫልቩን ቀድሞ ይዘጋል፤ ሰንጠረዡ በወሩ የትኛው እንደሠራና የትኛው እንዳልሠራ ያሳያል፤ ቀሪዎቹ የሠራውን ይወስዳሉ። ብዙ የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የጋራ ፈጠራ ይሉታል።

እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን አሠራሩ ነው። እነዚያ ሰዎች ቅዱሳን ስለነበሩ አልነበረም ያካፈሉት። ባለ አክሲዮኖቹ ገንዘባቸውን በብዙ ማዕድኖች ከፋፍለው ስላስቀመጡ የጎረቤት ማዕድን ከሰል ቢቆጥብ እነሱም ይጠቀማሉ። የቆርቆሮና የመዳብ ዋጋ የሚወሰነው ከክልላቸው ውጭ ስለነበር አንዱ ቢሻሻል ሌላውን አያከስርም። መሐንዲሱም የሚያገኘው አለ፦ ስሙ ከቁጥሩ ጋር ይወጣል፤ ጥሩ ቁጥር ያለው መሐንዲስ ሌላ ማዕድን ይጠራዋል። ዕውቀቱ የተከፈተው ለሰጪው ተመላሽ ስለነበረው ነው።

ተመላሹ ሲጎድል ምን እንደሚሆንም የዚያው አገር ታሪክ ያሳያል። ሪቻርድ ትሬቪቲክ በ1812 በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ የፓምፕ ሞተር በኮርንዎል ተከለ፤ ፓተንት አላወጣበትም፤ መሐንዲሶቹ ወስደው አሻሻሉት፤ አገሩ በሙሉ ተጠቀመበት። ትሬቪቲክ ግን በ1833 ዳርትፎርድ ከተማ ውስጥ በድህነት ሞተ፤ የቀበሩት የሥራ ባልደረቦቹ ገንዘብ አዋጥተው ነው ይባላል። ለድህነቱ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው። ቢሆንም «ዕውቀትህን ስጥ» ብለው ለሚሰብኩ ሁሉ ይህ ታሪክ አብሮ ሊነገር ይገባል። ሰጥቶ የተራበ ሰው ካለ፣ ሌላው መሳቢያውን ቢቆልፍ የሚወቀሰው እሱ ብቻ አይደለም።

ይህን ይዤ ወደ ራሳችን ሠፈር ስመለስ፣ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። የእኔ ተፎካካሪ ያ ልጅ አይደለም። የሁላችንም ተፎካካሪ «የተጠቀለለ ሞተር አይበረክትም» የሚለው ወሬ ነው። ወፍጮ ቤቱ አንድ ጊዜ ከተቃጠለበት፣ ሁለተኛ ወደ ማንኛችንም አይመጣም፤ ተበድሮ ርካሽ አዲስ ሞተር ይገዛል። ልጁ ያበላሸው ብረት የእኔን ገበያም ያበላሻል። የኮርንዎል ባለ አክሲዮን በጎረቤቱ ማዕድን ድርሻ እንዳለው ሁሉ፣ እኔም በልጁ ሥራ ድርሻ አለኝ።

ስለዚህ ከልጁና ሙያውን ከሚያውቁ ጥቂት ሌሎች ጋር ሆነን ቁጥሮቻችንን በቴሌግራም መለዋወጥ ጀመርን። ደንቡን ከሊን ሰንጠረዥ ነው የወሰድኩት። እያንዳንዱ ቁጥር ከፍቶ የቆጠረው ሰው ስም አብሮት ይጻፋል፤ በሌላ ሰው ቁጥር የጠቀለለ ለደንበኛው ስሙን ይናገራል። ሞተሩ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ የተመለሰበት ምክንያት ይጻፋል። የመጨረሻው አስቸጋሪ ነበር፤ ሰው ያማረለትን ለማሳየት አይሰንፍም፤ የተመለሰበትን ለመጻፍ ግን ያፍራል። ቀስ በቀስ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ያ ሆነ። አንድ ዓይነት የውሃ ፓምፕ ሞተር ተደጋግሞ የሚቃጠለው በጥቅልሉ ሳይሆን በመከላከያ ሪሌው ምክንያት መሆኑን ያወቅነው ሦስት ሰዎች የየራሳቸውን ውድቀት ጎን ለጎን ስለጻፉ ነው። ለየብቻ ቢሆን ሦስቱም ሽቦውን ሲወቅሱ ይኖሩ ነበር።

ሁሉም ነገር ይከፈት አልልም። የደንበኛዬ ፋብሪካ ምን እንደሚያመርት፣ በምን ማሽን፣ በምን ዋጋ እንደሚሸጥ የእኔ ወሬ አይደለም። አዲስ ነገር የፈጠረ ሰውም ለጊዜው የመጠበቅ መብት አለው። በአገራችን የፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ይህን ያውቃል፤ ለፈጠራ 15 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፣ በሥራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ዓመት ይጨምራል። የፓተንት ነገር ብዙ ሰው እንደሚያስበው መደበቂያ አይደለም፤ ውል ነው። ፈጣሪው እንዴት እንደሚሠራ ጽፎ ለሕዝብ ይገልጣል፤ መንግሥት በምላሹ ለተወሰነ ጊዜ ብቻውን እንዲጠቀም ይፈቅድለታል። እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች በደብተር ቁጥር ፓተንት አያገኙም፤ ቢያንስ ግን ስማቸው ሊነሣ ይችላል።

በምንም መልክ መደበቅ የሌለበት ግን ሕይወት የሚነካው ዕውቀት ነው። የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን እ.አ.አ. በ1959 ያወጣው ባለ ሦስት ነጥብ የመኪና ቀበቶ ፓተንት ነበረው፤ ኩባንያው ግን ሌሎች መኪና ሠሪዎች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ዛሬ በየመኪናው የምናስረው ያንኑ ነው። በእኛም ሙያ ቢሆን፣ የወፍጮ ሞተር አካል ከመሬት ጋር በሽቦ ካልተያያዘ እርጥብ እጅ ያለው ሠራተኛ ሊሞት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ለማንም፣ ለተፎካካሪውም ጭምር መናገር አለበት። እዚህ ላይ ገበያ አይታሰብም።

ነገሩ ከሠፈር ሱቅ ሲያልፍ ደግሞ የአገር ጉዳይ ይሆናል። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮን ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ተጎተተ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወድቁ ባለ እጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ ዛሬም እዚያው አለ፤ የማቅለጡ ሙያ ግን ተተክሎ አልቀጠለም። ዕውቀት በግዳጅ ሲወጣና በሰው ላይ ብቻ ሲቀመጥ፣ ሰውየው ሲሄድ ይሄዳል።

ይህን የማነሣው ዛሬም ስለማየው ነው። ለጥገና በተጠራሁባቸው ፋብሪካዎች ማሽኑን የተከለው የውጭ ባለሙያ ፒኤልሲውን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዝዘውን ኮምፒውተር፣ በይለፍ ቃል ዘግቶ ሄዷል፤ ትንሽ ነገር ሲበላሽ ሰው በአውሮፕላን ይጠራል፤ መስመሩ ቆሞ ይጠብቃል። በውሉ ላይ ፕሮግራሙ፣ የኤሌክትሪክ ንድፉና የሞተሮቹ የጥቅልል ቁጥር ይሰጠን ብሎ የጻፈ አልነበረም። አቅራቢውን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ እሱም ጡረታውን እየጠበቀ ነው። ያልጠየቅነው እኛ ነን። በዚያው ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ የራሳችን መሐንዲስ ያስተካከለውን ለሥራ ባልደረባው ሳይጽፍ ይለቃል፤ ምክንያቱም ቢጽፈው ስሙ የሚነሣበት ቦታ የለም።

የሕይወት ትምህርቴ ይህ ነው፦ ዕውቀት በስብከት አይከፈትም። ሰጪው የሚያገኘው ነገር ሲኖር፣ ስሙ ሲከበር፣ ሲደክም የሚያድርበት ሲኖረው ይከፈታል። ይህ ሳይኖር «ለምን ትደብቃለህ?» ማለት ለድሃ ሰው «ያለህን ስጥ» ማለት ነው።

ደብተር ያላችሁ ባለሙያዎች፣ ከተመቻችሁ አንድ ገጽ ጀምሩ፤ ስማችሁን ጻፉበት፤ ያማረላችሁን ብቻ ሳይሆን የተመለሰባችሁንም ጨምሩ። ከሰው ደብተር የተጠቀማችሁ፣ የባለቤቱን ስም ለደንበኛችሁ ንገሩ። ማሽን የምትገዙ የፋብሪካ ኃላፊዎች፣ ንድፉንና የይለፍ ቃሉን ከዋጋው ጋር በአንድ ውል ላይ አስገቡ። ሠራተኛ የምታስተዳድሩ፣ ዕውቀቱን ጽፎ ያካፈለውን በደረጃው አስቡት። እነዚህ ካልተደረጉ፣ ልጆቻችንም የዛሬ ሃምሳ ዓመት ያንኑ የተቃጠለ ሞተር ከፍተው ከአንድ ብለው ይቆጥራሉ።